የቀለህ አንገት

ሸዋ በር ላይ ወርጄ፣ ሚዛን ቤቱን አልፌ፣
እትዬ ዘይነባ መሣሪያ ቤት ገባሁ፣ ፌስታል ሙሉ ቀለህ አቅፌ።
«የዚህን አፍ እኩል የሚቆርጥ ካለሽ አሳዪኝ» አልኳት፣
ከመነጽሯ በላይ አየችኝ፤ ፌስታሉን አየች፤ ጠበቅኋት።
«ለመሙላት ነው?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ለቃጭል ነው» አልኳት፣ «ለጥጃ፣ ለፍየል፣ በአርባ ብር ዋጋ።»

ሦስት ነገር አወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፣
አንዱን በጣቷ፣ አንዱን በዓይኗ፣ አንዱን በአገጯ እያሳየች።

የመጀመሪያው ሞረድ ነው፣ ሦስት ማዕዘን ያለው፣
እጄ የሚያውቀው፣ እኔም የማውቀው።
ርካሽ ነው። ግን ክንድ ይደክማል፣ ሃያኛው ላይ ያዘነብላል፣
የአንዱ አፍ ይጣመማል፣ የሌላው ያጥራል።

ሁለተኛው በመብራት ነው፤ ቁልፉን ስትነካው እንደ ተርብ ይጮኻል፣
በአንድ ትንፋሽ ይቆርጣል፤ መብራት ሲኖር ይቆርጣል።
(«ሲኖር» የምትለዋን ቃል የማያውቅ ደሴ ውስጥ ማን ይኖራል?)

ሦስተኛው ባለ እጀታ፤ የኮምቦልቻ ሰው የሠራው፣
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ቶርኖ ላይ ቆሞ ያረጀው
አያ ሙሔ፣ ጡረታ ሲወጣ፣ ካሮጌ ማሽን እንዝርት ሰብሮ፣
ማቆሚያውን በብሎን አስሮ።
መሪ ዘንግ አለው፣ በቀለሁ አንገት የሚገባ፣
ሳይጠብቅ፣ ሳይላላ፤ እንደ ጣትና ቀለበት የሚግባባ።

አባቴ ባቲ ቆላ ማሽላ ይጠብቅ ነበር፣
አሥራ ሁለት ጥይት ይዞ ከከርከሮ ጋር ሲከራከር።
ይተኩሳል፤ ቀለሁን ከሣር ውስጥ በዳበሳ ይለቅማል፣
ማታ በኩራዝ መልሶ ይሞላዋል።
ከመሙላቱ በፊት በክር ይለካዋል፣ ከአንገት እስከ ቂጥ፣
«እየው፣ አድጓል» ይለኛል። «ናስ እሳት ካለፈበት አርፎ አይቀመጥ፣
ይሳባል፣ ይረዝማል፤ የረዘመውን ካልቆረጥክለት፣
ጠመንጃው ጉሮሮ ይሰነቀራል፤ ያኔ ነው ተኳሹን የሚበላው፣ የገዛ እሳት።»
ልጅ ነበርኩ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር፦
የተተኮሰ ነገር እንዴት ያድጋል? ማጠር አልነበረበትም ነበር?

የዚህ ፌስታል ቀለህ የማን እንደሆነ አልጠይቅም፣
የሆጤ ልጆች ከቦይ፣ ከጓሮ ለቅመው በኪሎ ያመጡታል፤ ከፍዬ ዝም።
ከየትኛው ወገን እንደተተኮሰ ናሱ ላይ አይነበብም፣
ቂጡ ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥር ደግሞ ስም አይጠራም።
ካሊፐር ላይ ሳስቀምጠው ግን ሁሉም ረዝሟል፣ ሁሉም፣
የፀጉር ውፍረት ታህል፤ የድሮ ልኩን የጠበቀ አንድም የለም።

«ሞክረው» አለች ዘይነባ፣ «ሳትሞክር አትግዛ።»
አጠለቅሁ። አዞርኩ። ኪርር፣ ኪርር፣ ከዚያ ዝም። ወደቀች ቀለበት፣ እንደ ጤዛ።
«ስንት ነው?»
«ሁለት ሺህ ከስድስት መቶ።»
«ሙሔ ሰምቶ?»
«ሙሔ ሰምቶ።»

ብሎኑ ትንሽ ጥርሱ አልቋል፤ በሃያ ቀለህ አንዴ ማጥበቅ ይፈልጋል፣
እሱን ወደድኩለት፤ ማጥበቅ የሚፈልግ ነገር ሠሪውን ያነቃል።

ያን ማታ አርባ ሦስቱን ቆረጥኩ፤ ሁሉም አንድ ልክ ሆኑ፣
በክር አንጠልጥዬ ነካኋቸው፤ አንድ ድምፅ ሆኑ።
ኮራሁ። በማግስቱ የገራዶዋ ከድጃ መጣች፣
አንዱን አንቃጨለች፣ ሌላውን አንቃጨለች፣ መልሳ አስቀመጠች።
«ሁሉም ካንድ አፍ ከተናገረ፣
የኔ ፍየል በምን ተለየ፣ የጎረቤቴ በምን ቀረ?»

ማቆሚያውን አላላሁት።
የሷን ረዘም አድርጌ ተውኩት፣
የጎረቤቷን ሦስት ሚሊሜትር ቆረጥኩት፤
እንደ አባቴ አይደለም። እንደ ሙሔም አይደለም።
የተቆረጠው ትርፍ ሁሉ ተጠርጎ፣ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አልሞላም።
አንዲት ስንጥር አውራ ጣቴ ውስጥ ቀርታለች፤ አላወጣኋትም።
ከሐረጎ ጉም ሲወጣ ትወጋኛለች፤
ሌላ ጊዜ አትናገርም።