የሙሜ መዳፍ

ግንቦት ነው ድሬ ላይ፤ ገና በጠዋቱ
ጫማ አልፎ ይፈጃል ደረቁ ደቻቱ።
እኔ ኮፈን ከፍቼ፣ ወገቤን ይዤ ቆሜ፣
አይሱዙዬ ሥር ነው፣ በጀርባው፣ ሙሜ።
«ሙቀት መለኪያዋ ከሞተች ሰነበተ» ስለው፣
«ድሮስ ማን አመናት!» ድምፁ ብቻ ነው።

ከካምቢዮው ሆድ ላይ መዳፉን ለጠፈ፤
አንድ... ሁለት... ሦስት... አራትንም አለፈ፤
አምስት ላይ ሲደርስ እጁን አነሳ።
«አምስት ከቻልኩ ደህና ናት፤
ሁለት ላይ ከፈጀኝ ግን፣ ጉዞውን እርሳ።
ማር የመሰለው ዘይት ከሰል ሆኗል ማለት ነው፤
ማርሹ ሲያለቅስ የምትሰማው ያኔ ነው።»
ከራዲያተሩ ጥርስ የአንበጣ ክንፍ ለቀመ፣
ወፍራሙን፣ አርባ ቁጥሩን ቀዳ፤ ሒሳቡን በከሰል ግድግዳው ላይ አተመ።

ኅዳር ሲሆን ደግሞ፣ ሐረማያ አድሬ፣
ሽንኩርት ጭኜ ልወርድ፣ ንጋት ላይ፣ ወደ ድሬ፣
ዘይቱ እንደ ጮማ ረግቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ በተለይ
እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ነው፤ «ነገ ና!» ባይ።
ደወልኩለት። «ሙሜ፣ አልገባም አለኝ።»
«ሰው በጥፊ ነው እንዴ የምትቀሰቅሰው?» ሳቀብኝ።
«አስነሳት፣ ነዳጅ አትርገጥ፣ ሻይህን ጨርስ፤
ራዲያተሩን በካርቶን ጋርደው። ደንገጎ ስትደርስ
ማውለቅ እንዳትረሳ!»

ረሳሁ።

ቁልቁለቱን ጨርሼ፣ ከጉሙ ወደ ወላፈኑ፣
የማካሮኒ ካርቶን እንዳነገተች ጨሰ ኮፈኑ።
ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ካርቶኑን አወለቀ፣
አጣጥፎ ከወንበሬ ሥር ደበቀ።
«ብርድ ተመልሶ ይመጣል» አለ፣ እጁን በናፍጣ እየታጠበ፤
ሌላ ነገር አላለም። ብሎን ፍለጋ ጎነበሰ፣ ተሳበ።

ነሐሴ ላይ ደቻቱ ሞልቶ አለፈ፤
ትንኙ ግን ለእኛ ተረፈ።
ጋራዡ ተዘግቶ አገኘሁት፣ ቁልፉ ላይ አቧራ።
ሳቢያን፣ ቤቱ ሄድኩ፤ ፈቱማ በሩን ከፈተች፣ ጨርቅ እየነከረች ባንድ ጣሳ፣ ሳታወራ።
በዚያ ወበቅ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ
ይንቀጠቀጣል፤
ግንቦትና ኅዳር ባንድ ገላ ገብተው
ይገፋፋሉ።

ምን እንደምል አጣሁ። መዳፌን ግንባሩ ላይ ጣልኩ።
አንድ...
ሁለት...
«ስንት ላይ አነሳህ?» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።
«አላነሳሁም።»
«እንግዲያው ቆጠራ አልተማርክም» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ውጭ፣ የማን እንደሆነ እንጃ፣
አንድ ሞተር ተነሳ፤ ገና ሳይሞቅ፣ ነዳጅ ተረገጠ።
ሙሜ በትኩሳቱ ውስጥ
ፊቱን አጨማደደ።