የውኃ ተራ

ጎንደር ፍርድ ቤት በር፣ ከዋርካዋ ጥላ ሥር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ታይፕ ስመታ ስኖር፣
የሰውን ክርክር በገጽ ነው የማውቀው፤
ገጹ በሃምሳ ብር፣ ቴምብሩ ለብቻው።

ዘንድሮ ክረምቱ አዲስ ጥያቄ አመጣ፦
አገር ከኅብረቱ ትቆይ ወይስ ትውጣ?
ሬድዮ ለኮሰው፣ ሻይ ቤት አራገበው፣
ሊስትሮው ሲሟገት ግራ ጫማዬን ረሳው።

ከካፊያው ጋር አብሮ ውባንተ ደረሰ፣
የሰሊጥ ነጋዴ፣ ካፖርት የለበሰ።
«ጻፍልኝ» አለኝ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ፤
በላቤ ሰሊጥ ላይ እነሱ ዋጋ እየጣሉ፣
ቀረጡን ለሰባት ይካፈላሉ አሉ፤
መዋጮውን እኛ፣ ወንበሩን እነሱ፤
አንድ ቤት ለሰባት! ቁልፉስ? የማነው እሱ?
ይብቃ! በገዛ ሚዛናችን እንመዝን፣
ብንከስርም እንኳ ኪሳራው የኛ ይሁን።»

ቀለሙ ሳይደርቅ ሻረው መጣ ደግሞ፣
ተሳቢውን አዘዞ መታጠፊያው አቁሞ።
«የኔንም ጻፍልኝ፤ ትቆይ ነው የምለው፤
ኬላ አንድ የሆነ 'ለት እኔ ነኝ ያየሁት ለውጡን በዓይኔ፤
ድሮ መተማ ላይ ሦስት ሌሊት ነበር፣
በትንኝ ስበላ፣ ሰነድ ሲመረመር፤
አሁን ባንድ ማኅተም ቀን በቀን አልፋለሁ፣
ልጄ ሳትተኛ ቤቴ እገባለሁ።
ውባንተ 'ሚቆጥረው ያዋጣውን ብር ነው፣
እኔ ደጅ ያላደርሁትን ሌሊት ነው 'ምቆጥረው።»

ሁለቱንም ጻፍሁ፤ ለሁለቱም እኩል፣
አርእስቱ አንድ ዓይነት፣ «በታላቅ አክብሮት» የሚል፤
ሃምሳ ብር፣ ሃምሳ ብር።

ሊሄዱ ሲሉ ግን ዞር አለና ሻረው፣
«አንተስ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ «ምንድን ነው የምትለው?»

እኔ ፍቺን የማውቅ በባልና ሚስት ነው፤
አንድ ፊደል አልመታ መልሱን ሳልሰማው፦
«ሰማንያ ነው፣ ቁርባን?»
በሰማንያ የገባ በሰማንያ ይወጣል፤
ቁርባን ያሰረውን ማን ሰው ይፈታዋል?
አገር ከአገር ጋራ በምን ተጋባች ታዲያ?
ሥጋ ወደሙ የለ፣ የለ ሰማንያ፤
ፊርማ ነው፣ ጭብጨባ፣ ግድግዳ ላይ ፎቶ፤
ዕዳና በረከቱ የሚታይ ሰንብቶ።

ይህን ብቻ አልኋቸው። ያላልሁት ግን አለ፤
ከትርንጎ ስፋታ ሁሉም ተከፈለ።
ማመልከቻውን እንኳ በታይፔ መታሁት፣
ከቀኝ ኪሴ ሃምሳ ብር ለግራው ከፈልሁት።
አልጋው ለእሷ ደረሰ፣ ቁም ሳጥኑ ለኔ፣
በግቢው ብሎኬት፣ ወዲያ እሷ፣ ወዲህ እኔ።
ሰሐኑን ሽማግሌው በቁጥር አካፈሉን፤
ሰባተኛው ተርፎ ቢያጨቃጭቀን፣
እሳቸው ወሰዱት፣ መርቀው ሸኙን።

ሁሉም ተፋታና ቆጣሪው ግን ቀረ፤
የውኃው መስመር አንድ፣ በእሷ ስም ነበረ።
ለብቻዬ እንዲገባ ባመለክት ሄጄ፣
«ተራ ጠብቅ» አሉኝ፤ ስድስት ዓመት ደጄ
አንድ ቧንቧ ሠራተኛ አልረገጠም።
በየወሩ መጨረሻ በሯን እመታለሁ፣
ግማሹን ከፍዬ ደረሰኝ አያለሁ።
ሳምንት አስጠብቆ ውኃው ሌሊት ሲመጣ፣
ብሎኬቱን ትደበድባለች፦ «ተነሥ! ጀሪካን አውጣ!»

መፋታት ስሕተት ነው ብዬ አልናገርም፤
ደግ አደረግን፤ ያ ቤት ሰላም አልነበረም።
ግን ዳኛው ሲፈርድ፣ እኔም ስጽፍ ሳለሁ፣
ከመሬት ሥር ያለውን ቱቦ ረስቻለሁ።

ማታ ታይፔን ስከድን፣ ዝናቡም ሲያባራ፣
ካርቦኑን አነሣሁት ከመንገዱ መብራት ጋራ።
ቆጣቢ ነኝና፣ የሁለቱን ቅጂ
ባንዷ ነበር ያወጣሁ፣ ባረጀችው እንጂ
አዲስ አላስገባሁም።
«ትውጣ» በ«ትቆይ» ላይ፣ «ትቆይ» በ«ትውጣ» ላይ፣
ፊደል ፊደል ነክሶ አንዱም አይለይ።
ጎልቶ የሚነበበው፣ ሁለቴ የተመታው፣
«በታላቅ አክብሮት» ነው፣ መብራት ያሳለፈው።

አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።
ዛሬ ሌሊት የሰፈራችን ተራ ነው፤
ቶሎ ልግባ።