ዋጋው በቃል ነው

ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፤ ዓራድ ወድቃለች በእንቅልፍ፣
እኔ ለጠዋቱ ሬዲዮ ከእንግሊዝኛው ስጨልፍ፤
ሠላሳ አጎራ ለአንድ ቃል፣ ቃሉ ቢያጥርም ቢረዝም፣
ስለ አካባቢ ጥበቃ ነው፤ ትናንትም እሱው ነው፣ ዛሬም።

ይኼ እንግሊዝኛ ሲያዝን እንኳ ክራባቱን አያወልቅም።
«ስጋት ተገልጿል» ይላል፤ ማን ፈራ? አይልም።
«የውሃው መጠን ቀንሷል» ይላል፤ ማን ቀነሰው? አይልም።
በባሕሩ ዳር መሬቱ ተምሩን ከነሥሩ ሲውጥ
«ጉድጓዶች ተከፈቱ» ይላል፣ ሱቅ ይመስል፣
ገበያተኛ ተሰልፎ በጠዋት የሚጠብቃቸው ይመስል።

አረንጓዴ ይላል፣ ስድስት ቦታ፤ ቆጠርኩት፤
አንዲት ቅጠል ብፈልግ ግን በስድስቱም አጣሁበት።
የካርቦን ዱካ ይላል፤ ዱካው እግር የለውም፤
ያለ እግሩ አሻገርኩት፤ የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ ያ ቃል መጣ፣ በየአንቀጹ የሚመላለሰው፣
ለስላሳው፣ ሚኒስትሩንም ፋብሪካውንም የሚያስማማው፤
መዝገበ ቃላቱ «ዘላቂነት» አለኝ።
ምኑ ነው የሚዘልቀው?
ዕዳም ይዘልቃል። ቂምም ይዘልቃል።
የጎረቤቴ ውሻ ጩኸትም እስኪነጋ ይዘልቃል።

አስር ሰዓት ሲል ቆሻሻ ልጥል ወረድኩ።
አቶ ቢያድግልኝ ቆሟል፣ የሆቴሉን አውቶቡስ ጠብቆ፣
ምሳውን በፌስታል ቋጥሮ፣ አንገቱን በኮቱ ደብቆ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙት ባሕር ዳር ወንበር ደርድሯል፣
አሸዋ አበጥሯል፣ ጃንጥላ ተክሏል።
«ስጀምር» አለኝ፣ «ከጃንጥላው እስከ ውሃው ሠላሳ እርምጃ ነበር፤
አሁን እንግዳውን በጋሪ ነው የምናደርሰው፤
አራት መቶ ስልሳ ቆጠርኩ፣ በእኔ አጭር እግር።
ሙት ይሉታል፤ ሙት ነው አልኩ እኔም፤
ሲሸሽ ሳየው ግን ተጠራጠርኩ። ሙት አይሸሽም።»

ቃሉን ጠየቅሁት። ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ፦
ሁሉን ሳይጨርሱ፣ ለሚመጣው አስበው፣
ለነገ አስተርፈው ሲኖሩ፣ ምን ይባላል?
ፌስታሉን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ።
«ዘር አይበላም» ይባላል።
«ጎተራው ቢራገፍም፣ ልጅ በራብ ቢያለቅስም።
አባቴ የት እንደሚደብቀው ለእናቴም አልነገረም።»
አውቶቡሱ መጣ። ሳይሰናበተኝ ገባ።

ተመልሼ ጻፍኩት፦ ዘር አይበላም።
አየሁት። ወደድኩት። ጮክ ብዬ አነበብኩት።
ሁለት ቃል። ስድሳ አጎራ።
ከማብሰያው አጠገብ የመብራት ሂሳብ ተቀምጧል፣
የልጄ የትምህርት ቤት ሽርሽርም ሐሙስ ይከፈላል።
ሁለቱን አጠፋሁ፤ ጻፍኩ፦
«የተፈጥሮ ሀብትን ዘላቂነት ባለው መልኩ የመጠቀም የጋራ ኃላፊነት»።
ስምንት ቃል። ሁለት ሸቀል ከአርባ።
በዜናው ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ሦስቱንም ሞላሁት።

ማታ ደረጃው ላይ ተገናኘን።
ጫማው ላይ ጨው ደርቆበታል።
«ዜናሽን በአውቶቡሱ ሬዲዮ ሰማሁት» አለኝ።
«ስለ ባሕሩ ነው አይደል?
ደኅና ወሬ ነው መሰለኝ፤
አንባቢው ምንም አልደነገጠ።»