ጥፍር

ራማት ጋን፣ ከረጅሙ ፎቅ ሥር፣ የመስታወት በር ከፍቼ
ለሊያት ቀለበት ልመርጥ ገባሁ፣ አባቴን ጎትቼ።
ጊዶን ጥቁር ከፋይ ዘርግቶ፣ በወረንጦው እያነሣ፣
ስለ ካራት፣ ስለ ጥራት፣ ስለ ቀለም ብዙ አወሣ፤
«ይህ ሰንፔር ነው፣ ይህ ቀይ ያቁት፣
ይህ አልማዝ ግን፣ እዩት፣ እዩት፣
እንከን አልባ ነው፣ ማስረጃ አለው በወረቀት።»
ሊያት «ትንሽ ይበቃኛል» ብላኛለች፤ አላመንኳትም።

አባቴ ድንጋዩን አላየም።
የወለቃ ብር ሠሪ ነው፤ መዶሻ ከጣለ አርባ ዓመቱ፤
ማጉያውን ሲቀበል ግን፣ ቀጥ አለ የጎበጠ ጣቱ።
ቀለበቱን ገልብጦ አየ፣ ከሥሩ፣ ከመያዣው ወገን፤
ጎረቤት «ቡዳ ነው» ብሎ፣ ልጁን የደበቀበት ዓይን
እዚያ ሲያርፍ፣ ዝም አለ ጊዶን።

«ጥፍሩ ስንት ነው?» አለኝ። ተረጎምኩለት። «አራት።»
«ለሠርጉስ ይበቃል፤ ለኑሮ ግን ስድስት አድርጉለት።
ከእናትህ ጣት፣ በሱዳን መንገድ፣ የእጄ ሥራ ቀይ ዶቃ፣
አንድ ጥፍሩ ላልቶ ኖሮ
ወደቀ፤ ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳይነቃ።
ያን ሌሊት ሰው ጠፍቶ ነበር፤ ዶቃ ማን ይፈልጋል?
የእኔ ጣት ግን፣ እስካሁን ይፈልጋል።»

ትንሹን አልማዝ ገዛን፣ ለተጨማሪው ወርቅ ብለን፤
ሐሙስ መጥተን ወሰድነው። ወደ ነታንያ፣ በአውቶቡስ ቆመን፣
አባቴ ቀለበቱን ከጆሮው አስጠግቶ፣ በጥፍሩ መታ፤
አዳመጠ። ድንጋዩ አልተንኳኳም። ዝምታ።

ደግሞ መታ።