የአባ ዲጋ ሳል

ሸቤን አልፈን፣ አስፋልቱን ትተን፣ ጭቃው ጎማችንን ሲውጥ፣
በለጠ ደን ገባን፤ ስሙ አልዋሸም፣ ካሰብነው ነበር የሚበልጥ።
እኔ ድምፅ ቀራፂ ነኝ፤ እንጀራዬ ማዳመጥ፣
ዘንግ ይዤ፣ ጆሮ ሸፍኜ፣ ጉቶ ላይ መቀመጥ።

የምንሻውን እንስሳ መጽሐፉ «ሰማያዊ ጦጣ» ይለዋል፤
ሰማያዊ ግን የለበትም፤ ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላል።
ብርቅ ነው አልኳቸው ለአባ ዲጋ፤ ስሙንም ነገርኳቸው፤
«እኛ» አሉ ስቀው፣ «ሌቦቹ ነው የምንላቸው።»

አሥራ ስምንት ቀን።
ጠዋት ጭጋግ፣ ቀትር ዝናብ፣ ማታ አልቅት ከካልሲ መልቀም።
ጉሬዛ ሞልቷል፤ ከዛፍ ዛፍ ካባውን አንጠልጥሎ ይዘላል፤
ይትባረክ ግን፣ ዳይሬክተራችን፣ ጉሬዛ አይጥምም፤
«እሱን ያላሳየ የለም» ይላል።
የአጋሮዋ ነጂባ በካሜራው ስታነጣጥር አንድ ዓይኗ ቀልቷል፤
ሌንሱን በሻሿ ጫፍ ትወለውላለች፣ ትንፋሿ መልሶ ያለብሰዋል።

ያ ሁሉ ዝምታ ደግሞ አንዲት ጠላት ነበረችው፤
የአባ ዲጋ ሳል።
ከቀፎ ሥር የተወለደች፣ አርባ ዓመት የማር ጭስ ያሳደጋት፣
ቅጠል እንኳ ጸጥ ሲል ነው መውጣት የሚያምራት።
ይትባረክ በእጁ ሲቆጣ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ይነክሳሉ፤
ትከሻቸው ይናጣል፣ እንባቸው ይወርዳል፣
እኔ በማዳመጫዬ እሰማቸዋለሁ፣ ወደ ውስጥ ሲስሉ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጣች።
ጫካ ውስጥ አይደለም፤ ከአባ ዲጋ ጓሮ፣
አጥሩ ላይ፣ ከቢጫው ጄሪካን በላይ፣ በአንድ እጇ በቆሎ፣
ሆዷ ሥር የተለጠፈ ልጅ፣ ጅራቱ ወገቧን ዞሮ።
ማማው ላይ ዘምዘም፣ የአባ ዲጋ ልጅ፣ ቆርቆሮ ትደበድባለች፤
እናቲቱ አንዴ ቀና ትልና መፈልፈሏን ትቀጥላለች።

«አቁሚ!» አለ ይትባረክ። «ጄሪካኑ ይታያል፤
የሰው ጓሮ ነው፤ ዱር ነው ብንል ማን ያምነናል?»
አባ ዲጋ ወንጭፋቸው ድንጋይ እንደጎረሰ፣ ሳይወረውሩ ቆሙ።
«ልጅ ሳለሁ» አሉ፣ «ጫካው እስከዚያ ወንዝ ነበር።
አሁን ሲጠበው ማሳዬን ጨመረበት።
ዱር ካልሆነች ድንጋዬን ለምን ትይዙብኛላችሁ?
ዱር ከሆነች ደግሞ
አፏ ውስጥ ያለው የማን በቆሎ ነው?»
ማንም አልመለሰ።
ነጂባ ብቻ ካሜራውን አላጠፋችም።

በማግስቱ ጄሪካኑን አነሳን፣ የተሰጣ ልብስ ሰበሰብን፤
ለዘምዘም ብስኩት ሰጥተን ቆርቆሮዋን ተቀበልን።
ሌንሱ ጠበበ፤ ቅጠልና ፊት ብቻ ቀረ፤
ሰው ገና ያልተፈጠረ ዕለት ይመስል፣ ምስሉ አማረ።

ያኔ ያቺ ሳል አመለጠች።
ጦጣዋ ማኘኳን አቆመች።
ዞረች። አየችን።
ያን ያህል ቅርብ፣ ያን ያህል ረጅም፣
ነጂባ ትንፋሽ መውሰድ ረሳች፤
ይትባረክ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣
ሃያ ቀን ሙሉ የለመነው ያንን አስተያየት ነበረ።

«የሰው ዱካ ያልደረሰበት» አለ ተራኪው በጎርናና ድምፅ።
«ያቺን ሳል አጥፋት» አለኝ ይትባረክ።
አላጠፋኋትም።
ዝቅ፣ ዝቅ አድርጌ ከቅጠል ኮሽታ ሥር ቀበርኳት፤
ለማያውቃት ነፋስ ናት።

ጅማ፣ ሄርማታ፣ በኪራይ አዳራሽ፣ ፊልሙ የታየ ማታ፣
አባ ዲጋ ከፊት ወንበር፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ከዘምዘም ጋር በዝምታ።
ጓሯቸውን አላወቁትም።
አጥራቸውን አላወቁትም።
ጦጣዋ ዞራ ስታይ ግን፣
ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ፣
አየኋቸው፤ ደንግጠው፣ ዘግይተው፣
አፋቸውን በእጃቸው ሲይዙ።