ጠላት የማይገባባት ክፍል

ትራሙን አስረክቤ፣ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር፣
ባለ ታኮ ጫማ አድርጌ በታምፔሬ በረዶ ስበር፣
ቱሬ በሩ ላይ ቆሟል፣ ከረባቱ ተጣሞ፣
ሁለት ትኬት ጨብጧል፣ ላቡ አርሶት ቀድሞ።
«የጌም ሙዚቃ?» ብዬ ባለፈው ሳቅሁበት፣
አርባ የሞላው ሰው! ይኸው መጣሁለት።

መብራቱ ደብዘዝ ሲል፣ ዘጠና ሰው በጥቁር፣
ቫዮሊን ከአገጭ በታች፣ ጥሩምባ አፍ ላይ ሲደረደር፣
ዘንዶ ተነሣ፣ ግንብ ነደደ፣
ከኋላችን ያለው ጎረምሳ «ይቺ ናት!» ብሎ አበደ፤
እኔ የማስበው ግን የነገ ፈረቃዬን፣
ጠባብ ጫማ ውስጥ ያበጠ አውራ ጣቴን።

ከዚያ ሁሉም ዝም አለ።
አንዲት ሃርፕ ብቻ ቀረች፣ አራት ድምፅ ደጋግማ፣
እንደ ጣሪያ ጠብታ፣ በባዶ ቤት ጨለማ።
ዞር ብዬ ባየው አገጩ ይንቀጠቀጣል።
«አሁን ማን ሊመጣ ነው?»
«ማንም» አለኝ በሹክሹክታ፤
«እዚህ ማንም አይመጣም።
ሻማ ያለባት ክፍል ናት፣ ጠላት ደፏን አይረግጥም።
የደረስሽበትን መዝግበሽ፣
ትንፋሽሽን ሰብስበሽ፣
ሲያሻሽ ትወጫለሽ።
ወንድሜ ኦስሞ...» አለና ዋጠው።
ቆየት ብሎ፣ «ሆስፒታል አልጋው ላይ፣
ጌሙን እዚህች አቁሞ ተኛ።
ዘጠኝ ዓመት። አልቀጠልኩትም።»

ምን ይባላል? እኔ አላውቅም።
ጫማዬን አወለቅሁ፣
በካልሲ ወለሉን ረገጥሁ፣
ላባም እጁን ያዝሁ።
ዘንዶው ተመልሶ መጣ፣ ከበሮው ጣሪያውን ሊያወርድ፣
ጎረምሳው ቆሞ ሲያብድ፣
እኛ ግን ካፖርት ጠባቂዋ
«ልዘጋ ነው፣ የእናንተ ብቻ ቀረ» እስክትል ድረስ
ከዚያች ክፍል አልወጣንም።