አቋቋም

ሁለት አሻንጉሊት አሉ ከመስኮቴ፣
ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቴ።
ሙሽራ አጅቦ የሚመጣው ሁሉ
ፈገግ ብለው አይተው «የልጅሽ ናቸው?» ይላሉ።
ልጅ የለኝም። የኔ ናቸው።
በየተራ የገዛኋቸው
በዳግም ትንሣኤ ሰሞን፣ ሰርግ እንደ ዶፍ ሲዘንብ፣
ከአልበም ሥራ በተረፈች ገንዘብ።

ክርናቸው ኳስ ነው፣ ጉልበታቸው ኳስ፣
ከአንገት እስከ ትከሻ፣ ከዳሌ እግር ድረስ፤
በሆዳቸው ያልፋል አንድ ቀጭን ላስቲክ፣
ሲጠብቅ የሚያቆም፣ ሲላላ የሚያንበረክክ።

ፋናዬ ውብ ናት። ምን ብዬ ላውራላት!
ሽፋሽፍቷ ጥላ ጉንጯ ላይ ጥሎላት፣
ከንፈሯ ሊናገር ጀምሮት የተወው፣
ዓይኗ የንጋት ሐይቅ፣ ጀልባ ያልነካው።
ቁጭ በይ ስላት ግን እግሯ እንደ መቀስ
ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ጉንጭሽን ያዢ ስላት እጇ አይደርስ።
ግድግዳ ካላስደገፍኳት ትወድቃለች፣
ደግሞ ስትወድቅ እንኳ ታምራለች።

ጎንፌ ፊቷ ሰፊ፣ ግንባሯ ገባ ያለ፣
አንድ ዓይኗ ከሌላው ትንሽ የዘለለ፤
ከጆሮዋ እስከ አንገት፣ እንደ ጆንያ ስፌት፣
ሠሪዋ ሳይሞርደው የቀረ መስመር አለባት።
ጉልበቷ ግን ድርብ ነው።
እግሯን አጣምራ ትቀመጣለች፣
ተንበርክካ የጫማዋን ክር ታስራለች፣
በአንድ እግሯ ቆማ ታድራለች፣
እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ
ኪራይ እንደ ጨመሩባት ሴት ትቆጣለች።

አሁን የአክስቴ ልጅ ምንታምር፣ ከዱባይ ልትመጣ፣
«ለአንድ ብቻ ቦታ አለው» አለችኝ፣ «የኔ ሻንጣ»።
ሁለት ፎቶ ላከች።
አንደኛዋን ሳያት ሆዴ ተላወሰ፣
እንዲህ ያለውን ፊት ማን ሠርቶ ጨረሰ?
ሁለተኛዋ እንደ ነገሩ ናት። ጣቷ ሳይቀር ግን ይታጠፋል፣
«መርፌ ትይዛለች» ተብሎ ተጽፏል።
ዋጋቸው እኩል። «የቷን?» ትላለች። ዝም አልኩ።
ቅዳሜ ነው፤ ሙሽሮች አስከትዬ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ።

አባ ኮዳ ቆሟል። ራሱ መላጣ፣
ከአንገቱ ቀይ ከረጢት ተንጠልጥሎ የወጣ፣
እግሩ በገዛ ኩሱ የነጣ።
ማንም ቆንጆ አይለውም።
ግን ትከሻውን ሰብሰብ፣ አንገቱን ቀበር አድርጎ፣
ካፖርት እንደ ደረበ ዳኛ፣ እጁን ኋላ አጣምሮ የሚሄድ መስሎ፣
ሲቆም ጊዜ፣ ከሩቅ የመጡት ሁሉ
ሙሽራዬን ትተው እሱን ያነሳሉ።

ሙሽራዋ ቆንጆ ነበረች፤ አልዋሽም።
«ዘና በይ» ብላት፣ «ጎንበስ» ብላት፣ አልሆነም።
ጉንጯን ብጉር የበላት ሚዜዋ ግን፣ ያቺ ዝምተኛ፣
ጫማዋን አውልቃ፣ ዋርካው ሥር ጋደም ስትል እንደ መንገደኛ፣
ሌንሴ ሳላዘው ዞረ።
ያ ፎቶ ለማንም አልተሰጠም፤ ለኔ ቀረ።

ጎረቤቴ ሐመሶ፣ ልብስ ሰፊው፣
«በመልኩ የገዛሽው በሬ አያርስም» ነው የሚለው።
በሬ ግን መስኮት ላይ አይቀመጥም፣ ሐመሶ።

ባለፈው ክረምት የጎንፌ ላስቲክ ሌሊት ተበጠሰ፤
እጇ አልጋ ሥር ገባ፣ ጭንቅላቷ ተንከባሎ በር ደረሰ።
ሐመሶ የቀሚስ ላስቲክ ሰጠኝ፤ በኪሮሽ ከአንገት እግሯ ጎትቼ
ገጣጠምኳት፣ ጣቴን ሁለቴ ወግቼ።
ከዚያ በፊት ግን፣ ፊቷ ብቻውን መዳፌ ላይ ሳለ፣
አስቀያሚም አልነበረ፣ ቆንጆም አልተባለ፤
ያለ ገላ፣ ያለ አንገት፣
የሚለውን የረሳ ሰው ይመስላል ፊት።

ይህን እያወቅኩ ደግሞ ማታ ስገባ ልቤ ከዳኝ፤
የፋናዬ ዓይን ከደጅ ጀምሮ ጠራኝ።

እኩለ ሌሊት ነው። ባጃጅ አልፎ አልፎ ያልፋል።
«የቷን? በረራዬ ነገ ነው» ይላል ስልኬ፣ ይንጫረራል።
ፋናዬን ጠየቅኳት።
አየችኝ፤ የምታውቀው ማየት ነው።
ወደ ጎንፌ ዞርኩ።
እንዲህ አድርጌ መቼ እንዳስቀመጥኳት አላስታውስም፦
አንድ እጇ ፋናዬን ከጀርባ ደግፏል፣ እንዳትወድቅ፣
በሌላው አገጯን ይዛ፣
ጉልበቷን አጥፋ፣
ታስባለች።

«ምነው ዝም አልሽ?» ይላል ስልኩ።
ቆይ፤ እሷ ትጨርስ።